ኤንጂኦ ልቆይ ወይስ ባንክ ልግባ? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ በጣም ግራ ገብቶኛል። ዋግ ኽምራ አንድ አገር በቀል ኤንጂኦ ውስጥ የስርዓተ ምግብ ፕሮጀክት ላይ ነው ምሰራው፣ አምስት አመት አለፈኝ። ጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም ብዙ ጓደኞቼ ተሰናበቱ፣ እኔ በሌላ ዶነር ተረፍኩ ግን ኮንትራቴ በየሶስት ወሩ ነው ሚታደሰው፣ እናቴ ደሞ የኔን እጅ ነው ምታየው። አሁን ባህር ዳር አንድ ባንክ ቋሚ ስራ አግኝቻለሁ፣ እስከ አርብ መልስ ይፈልጋሉ። ግን ክንዱ ሲለካ ከ11.5 ሳንቲሜትር በታች የነበረ፣ ማለትም በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ህጻን ከሳምንታት በኋላ እየሳቀ ሲመጣ ሚሰማኝን ደስታ የት አገኘዋለሁ? ከኤንጂኦ ወጥታችሁ የተመለሳችሁ አላችሁ? ደሞ በኮንትራት እድሳት አምስት አመት የሰራ ሰው ራሱ ሲለቅ የስንብት ክፍያ ያገኛል ወይ? የህግ ሰው ካለ ይንገረኝ።