«ማን ክፈቺ አለሽ?» ብሎ ነገር

ባለ ኮፒ ቤቷ፦ ትናንት ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ «ራር ፋይል ፈትቶ ቫይረስ የገባበት ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ማን ክፈት አለው?» ብሎ ለጥፏል። እንቅልፍ ነሳኝ። ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው ሲቪውን ራር ፋይል አድርጎ ጠቅልሎ ይልካል፣ እኔ ዊንራር በሚባለው ፕሮግራም ፈትቼ አትማለሁ። ካልከፈትኩ ምን ልበላ ነው? ባለፈው ወር አንዱን ዴስክቶፕ ላይ ፈታሁት። ሁለት ገጽ ሲቪ ወጣ። አትሜ ሰጠሁ። በማግስቱ ኮምፒውተሩን ሳበራው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ለካ ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ በራሱ የሚከፍታቸው ነገሮች ያሉበት ቦታ፣ የማላውቀው ፋይል ተቀምጧል። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ?

አዘዞ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ፣ ማን ክፈቺ አለሽ?

ማራኪ ኮደር፦ እሷ ዴስክቶፕ ላይ ፍታው ነው ያለችው። ስታርትአፕ ድረስ የሄደው ዊንራር ነው። ውስጥ ያለው ፋይል ስሙን ይዞ ይመጣል። ስሙ ላይ «ነጥብ ነጥብ ስላሽ» ተደጋግሞ ከተጻፈ፣ አንድ ፎልደር ውጣ፣ አሁንም ውጣ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት «ይሄ ነገር የት ሊያርፍ ነው?» ብሎ ማየት ነበረበት። አላየም።

አዘዞ፦ ፋሲል ግቢ 12 በር አለው። 12ቱንም ከፍተህ ተኝተህ በሌባው ታማርራለህ?

ማራኪ ኮደር፦ 12ቱንም ዝጋቸው እሺ። ይሄኛው በእንግድነት ነው የመጣው። ሳሎን አስቀምጡት ስትል አሳላፊው አጅቦ መኝታ ቤትህ አስገባልህ። ማንን ነው የምትቆጣው?

የቀበሌ 18 ልጅ፦ ግቢውን እንኳ ተዉት በናታችሁ 😂 እህቴ፣ ዊንራርሽ መቼ የተጫነ ነው?

ባለ ኮፒ ቤቷ፦ ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብሮት የነበረ ነው።

የቀበሌ 18 ልጅ፦ የሙከራ ጊዜው እኮ 40 ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሳል። ያንቺው ሳይነሳ አድጎ ሚስት ሊያገባ ነው!

አዘዞ፦ ይኸው! አፕዴትም አላደረገችም።

ማራኪ ኮደር፦ ዊንራር ራሱን አፕዴት አያደርግም። እንዲህ ያለው ቀዳዳ የተደፈነበት ዊንራር 7.13 የወጣው በፈረንጆች ሐምሌ 2025 መጨረሻ ነው። አጥቂዎቹ ግን ከዚያ በፊት ጀምረዋል፣ ያውም ሲቪ እያስመሰሉ። በ2019 ደግሞ እዚያው ዊንራር ላይ የዚሁ ዓይነት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። 19 ዓመት ያህል የኖረ! ይሄ ዓይነቱ ቀዳዳ «ዚፕ ስሊፕ» የሚል ስም ወጥቶለት ዓለም የተንጫጫው ደግሞ ቀደም ብሎ በ2018 ነው። ስንት ፕሮግራመር ሲሳሳት እሷ ናት ጥፋተኛ?

አዘዞ፦ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ላይስ? የዚሁ ዓይነት ቀዳዳ እንዳለበት ለሠሪዎቹ በ2007 ተነገራቸው፣ «ከማታምኑት ሰው የመጣ አትፍቱ» ብለው መመሪያው ላይ ጽፈው አለፉ። ያው ማን ክፈት አለህ ማለት ነው። የእናንተው ሰዎች ናቸው ያሉት!

ማራኪ ኮደር፦ ሳይጠየቅ ራሱ እንዲያጣራ ያደረጉት በፓይተን 3.14 ነው፣ በ2025። 18 ዓመት ማስጠንቀቂያ ጽፎ መቀመጥ አልሠራም ማለት ነው።

አዘዞ፦ ማስጠንቀቂያ ነበረ ወይስ አልነበረም?

ማራኪ ኮደር፦ ነበረ፣ ግን...

አዘዞ፦ ነበረ። በቃኝ።

የቀበሌ 18 ልጅ፦ አንተ ሰውዬ ጠበቃ ነህ እንዴ?

ባለ ኮፒ ቤቷ፦ እናንተ ስትነታረኩ ሌላ ራር ፋይል ተላከልኝ። ላኪውን አላውቀውም። «የአዘዞ ልጅ ነኝ፣ ቶሎ በይልኝ» ይላል። ልክፈተው ወይስ ልመልሰው?

አዘዞ፦ የማን ልጅ ነኝ ይላል?