ለክርክር፦ የባንክ ሠራተኛ ቦነስ ከተቀማጭ ዕቅድ (ሰብስብ ከተባለው የደንበኛ ገንዘብ መጠን) ጋር ይያያዝ?

የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፦
አሁን ባለው አያያዝ መያያዝ የለበትም ባይ ነኝ። ቅርንጫፍ ውስጥ የሠራ ሰው የሰኔን ወከባ ያውቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ትልልቅ ነጋዴዎች ጋ እየደወለ «እባክህ፣ ገንዘቡ ለሰኔ መዝጊያ እኛ ጋ ይደር፣ ሐምሌ ሲገባ ታወጣዋለህ» ብሎ ይለምናል። በመዝጊያው ሪፖርት ዕቅዱ ከ100 ፐርሰንት በላይ ተሳክቷል፤ በሳምንቱ ገንዘቡ የለም። ውለታው ግን ይቀራል። ያ ነጋዴ በኋላ ብድር ሲጠይቅ ፋይሉ በምን ዓይን ይታያል? የአዲስ ሂሳብ ነገርም ያው ነው። እኔ በነበርኩበት ቅርንጫፍ ልጆች የወር ድርሻቸውን ለመሙላት ከኪሳቸው 50 ብር እያስገቡ ለዘመድ ለጎረቤት ሂሳብ ይከፍቱ ነበር። ደብተሩ ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም።

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፦
ወንድሜ፣ ያልከው አለ፣ አልክድም። ግን ባንክ የሚያበድረው ከሰበሰበው ነው። ፀሐይ ላይ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ነጋዴ ያሳመነች ልጅ፣ ወንበር ሲያሞቅ ከዋለው ጋር እኩል ቦነስ ትውሰድ? በሁለተኛው ዓመት እሷም መዞሯን ትተዋለች። ያኔ ምን ልበላት?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባልደረባ፦
እኔም ከእህታችን ከሥራ አስኪያጇ ጋር ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ ቢፒአር (የሥራ ሂደት ለውጥ) መጣ፣ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና) መጣ፣ የለውጥ ሠራዊት የሚባል ሠራተኛን በቡድን የማደራጀት አሠራር መጣ። በየስድስት ወሩ የምዘና ቅጽ ይሞላል፤ ሁሉም ሰው ከ90 በላይ ያገኛል። ዕድገት ሲወጣ የሚያልፈው አለቃው የሚያውቀው ሰው ነው። በትክክል የሚቆጠር ነገር ከሌለ ዝምድና ይነግሣል። እኔ አጎት የለኝም፣ ያለኝ የጨረስኩት ፋይል ብቻ ነው፤ ይቆጠርልኝ።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ አሜሪካ የዌልስ ፋርጎን ጉዳይ ልብ ብላችሁ እዩት። ባንኩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ 8 አገልግሎት የመሸጥ ግብ ነበረው። ሠራተኞች ዕቅድ ለመሙላት ደንበኛው ሳያውቅ ሂሳብና ክሬዲት ካርድ ከፈቱ። በመስከረም 2016 እ.ኤ.አ. 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በዓመታት ውስጥ 5,300 ያህል ሠራተኛ ማባረሩም ታወቀ። በማግስቱ ዓመት ያለፈቃድ ተከፍተው ሊሆን የሚችሉት ሂሳቦች 3.5 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርሱ ራሱ ገለጸ። የሽያጭ ዕቅዱን ያነሳውም፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆን ስተምፍ የለቀቀውም ነገሩ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። ሺዎች አንድ ዓይነት ጥፋት ላይ ከተገኙ የሠራተኛ ጠባይ ነው ማለት ያስቸግራል። ዕቅዱን ያወጣው ሰው መጠየቅ ነበረበት።

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፦
ያ ማጭበርበር ነው። እኛ ጋ አሁን ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ (ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ይጠየቃል።

የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፦
ፋይዳ የውሸት ስምን ያስቀር ይሆናል፣ ባዶ ሂሳብን አያስቀርም። የሠራተኛው አጎት ለእሱ ብሎ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ አይመለስም።

የውስጥ ኦዲተር፦
ይቆጠር አይቆጠር ከምንባባል በየትኛው ቀን ይቆጠር የሚለውን እናንሳ። የሰኔ መዝጊያ ቀሪ ሂሳብ የአንድ ቀን ፎቶ ነው። የዓመቱን የየቀኑን አማካይ ብንወስድ፣ አንድ ሌሊት ያደረው ብር ለውጡ ከቁጥር አይገባም፤ ልመናውም ትርጉም ያጣል። አዲስ ሂሳብም በተከፈተበት ቀን ሳይሆን ስድስት ወር ሲንቀሳቀስ ይቆጠር። ሲስተሙ ይህን ሁሉ ይዞታል፣ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚከብደው ሌላ ነው፦ ዕቅዱ ከዋናው መሥሪያ ቤት ይወርዳል፣ ዲስትሪክቱ (የቅርንጫፎቹ የበላይ ቢሮ) ለመጠባበቂያ ይጨምርበታል፣ ቅርንጫፉ ለሠራተኛው ያከፋፍለዋል። የአካባቢውን ገበያ ዓይቶ «ይህ ይቻላል?» ብሎ የጠየቀ የለም። ለኦዲት ስንወጣ ጥያቄው የሚያርፈው መስኮት ላይ ባለችው ልጅ ነው፣ ቁጥሩን ባወረደው ላይ አይደለም።

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፦
በየቀኑ አማካይ ከሆነ እኔ ነገ እፈርማለሁ። ግን ዲስትሪክቱና ዋናው መሥሪያ ቤትም በዚያው ይመዘኑ፣ የእነሱም ቦነስ በሰኔ መዝጊያ ቁጥር አይሰላ።

የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፦
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም፦ ካሸር ከተቀማጭ ዕቅድ ይውጣ። የእሷ ሥራ ብሩን በትክክል መቁጠርና ሰልፉን ማሳጠር ነው፤ ጉድለት ቢመጣ ከደመወዟ የምትከፍለው እሷ ናት። ደንበኛ እንድታሳምን ከተፈለገ ሌላ ሰው ይቀጠር።