የጋራ ምክረ ሐሳብ ረቂቅ፦ አውሮፕላን ከቁጥጥር እንዳይወጣ የሚከላከል አውቶሜሽን (አንቀጽ 2 እና 3)

አስተባባሪ፦ በሶፍትዌር ደረጃና በሥልጠና አንቀጾች ስለተስማማን አንመለስባቸው። የቀሩን ሁለቱ ናቸው። አንቀጽ 2 አሁን እንዲህ ይላል፦ «የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ተግባር ሦስት የአንግል ኦፍ አታክ ሴንሰሮችን አወዳድሮ በአብላጫው ይወስን።» አንግል ኦፍ አታክ ክንፉ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ሐሳባችሁን ወርውሩ።

የቁጥጥር ሥርዓት መሐንዲስ፦ በአብላጫ ብቻ ከሆነ አልፈርምም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2008 ፈረንሳይ ውስጥ ፔርፒኛ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ የወደቀው ኤርባስ ኤ320 ሦስቱም ሴንሰሮች ነበሩት። በእጥበት ወቅት የገባባቸው ውሃ ከፍታ ላይ በረዶ ሠርቶ ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ቆለፋቸው። ኮምፒውተሮቹ የተስማሙትን ሁለቱን አምነው ትክክለኛውን ሦስተኛ ጣሉት። የዝቅተኛ ፍጥነት ጥበቃው ሲጠበቅ አልመጣም፤ አውቶ ትሪሙ (የአፍንጫውን ሚዛን በራሱ የሚያስተካክለው ክፍል) ግን ስታቢላይዘሩን (የጅራቱን አግድም ክንፍ) አፍንጫ ከፍ እስከሚልበት መጨረሻ ወስዶት ነበር። ሰባት ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቢልባኦ የተነሳ ኤ321 ላይ ደግሞ ሁለት ሴንሰሮች ቀዝቅዘው ተመሳሳይ ስህተት ሲፈጠር ጥበቃው አፍንጫውን ቁልቁል ገፋው፤ አብራሪዎቹ የአየር መረጃ ኮምፒውተር አጥፍተው ተረፉ።

ስለዚህ ከአብላጫው በፊት እያንዳንዱ ሴንሰር ለብቻው ይፈተን። አንደኛ፣ ጭነቱ (ጂ)፣ ፍጥነቱና የአፍንጫው ማዕዘን እየተለወጡ ንባቡ ካልነቃነቀ ተቆልፏል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ አውሮፕላን ሊያደርገው በማይችል ፍጥነት ከዘለለ ተበላሽቷል፤ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 (እ.ኤ.አ. 2019) የግራው ሴንሰር በሰከንድ ሦስት አራተኛ ውስጥ 74.5 ዲግሪ ሲደርስ የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ሦስተኛ፣ ከኢነርሺያል መሣሪያው (የአውሮፕላኑን እንቅስቃሴ ያለ ውጭ አየር ከሚለካው) የሚሰላ ግምት ይኑር፦ ክንፍ ደልዳላ ሲሆን የአፍንጫው ማዕዘን ሲቀነስ የጉዞው መስመር ማዕዘን። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚነፍስ ንፋስ ሲኖር ይህ ይዛነፋል፤ ቢሆንም ከፒቶት ቱቦ (ከአየር ፍጥነት መለኪያው) ነፃ ነው፣ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው። ከክብደትና ከአየር ፍጥነት የሚሰላው ግምት ያንኑ በረዶ ይጋራል።

የደኅንነት ማረጋገጫ ባለሙያ፦ እስማማለሁ፤ ግን ማጣሪያ ሲበዛ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኳንታስ 72 ላይ የኤ330 ሶፍትዌር የሐሰት ዝላይ ሲያይ የቀድሞውን ዋጋ ለ1.2 ሰከንድ ይይዝ ነበር። ሁለተኛው ዝላይ ልክ ያቺ ጊዜ ስታልቅ መጣና አልፎ ገባ፤ አፍንጫው በድንገት ቁልቁል ወረደ። በፈተና ዝርዝሩ ላይ ዝላዮች በተለያየ ክፍተት እየተደጋገሙ ይግቡ፤ አንድ ዝላይ ብቻ መሞከር የይስሙላ ነው።

የሙከራ አብራሪ፦ ማስጠንቀቂያውንም ጨምሩበት። በአየር ፍራንስ 447 (እ.ኤ.አ. 2009) የሚለካው ፍጥነት ከ60 ኖት ሲወርድ ሥርዓቱ የአንግል ኦፍ አታክ ንባቡን ውድቅ ስለሚያደርግ የስቶል ማስጠንቀቂያው (ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ሲያጣ የሚጮኸው) ዝም አለ። አፍንጫ ዝቅ ተደርጎ ፍጥነት ሲያገግም ደግሞ ተመልሶ ጮኸ። ትክክለኛውን ሥራ የሠራ አብራሪ ማስጠንቀቂያው የሚጮህበት ከሆነ ምን ይማራል? ከመሬት ከተነሱ በኋላ ንባቡ ስለጠፋ ብቻ ማስጠንቀቂያው አይቋረጥ፤ ማገገሙ በሌላ ምንጭ እስኪረጋገጥ ይቀጥል።

አስተባባሪ፦ ሦስቱም ገብተዋል። ወደ አንቀጽ 3፦ «ሥርዓቱ ስታቢላይዘሩን ማንቀሳቀስ የሚችለው በተወሰነ መጠን ነው።» መጠኑ ስንት ይሁን?

የቁጥጥር ሥርዓት መሐንዲስ፦ ቁጥር ብቻ መጻፍ ያታልላል። ኤምካስ (በቦይንግ 737 ማክስ ላይ አፍንጫውን በራሱ ቁልቁል የሚገፋው ሥርዓት) ስታቢላይዘሩን የሚያንቀሳቅሰው መጀመሪያ 0.6 ዲግሪ ነበር፤ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ ሲሰፋ 2.5 ሆነ። የባሰው ግን መደጋገሙ ነው፦ አብራሪው የኤሌክትሪክ ትሪሙን ከለቀቀ ከ5 ሰከንድ በኋላ እንደገና ይገፋ ነበር፣ ያውም በአንድ ሴንሰር ቃል። ገደቡ ለድምሩ ይሁን። የተሻሻለው ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች ያወዳድራል፣ በ5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ አይሠራም፣ ለአንድ ክስተት አንዴ ብቻ ይገፋል።

የሙከራ አብራሪ፦ ካቀረቡት ላይ አንድ ልጨምር፣ ኢንጂነር። መለኪያው የአብራሪው እጅ ይሁን፦ ሥርዓቱ አድርጎ በጨረሰበት ቦታ ላይ አብራሪው በመሪው ብቻ አፍንጫውን ማንሳት መቻል አለበት፣ በየትኛውም ፍጥነት። «ችግር ካለ ያጠፋዋል» የሚለውን መከራከሪያ አልቀበልም። ፍጥነት ከፍ ብሎ ስታቢላይዘሩ ቁልቁል ከሄደ በኋላ የትሪሙ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ፣ በላዩ ያለው የአየር ግፊት ስታቢላይዘሩን በእጅ የሚያንቀሳቅሰውን ጎማ ማዞር እጅግ ያከብደዋል። አብራሪው በ4 ሰከንድ ምላሽ ይሰጣል የሚለው ግምትም ሁሉም ማንቂያ በአንድ ጊዜ በሚጮህበት ኮክፒት ውስጥ አይሠራም።

የደኅንነት ማረጋገጫ ባለሙያ፦ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው። ሴንሰሮች በተለያዩ ቁጥር ጥበቃው ከጠፋ፣ በረዶ ባለበት፣ ማለትም በሚያስፈልግበት ሰዓት አናገኘውም። በ447 የፒቶቶቹ መዘጋት የቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ ነበር፤ ያ አውሮፕላን አፍንጫውና የሞተሩ ኃይል ባሉበት ቢያዙ ይበር ነበር። ጥበቃው በደረጃ ይውረድ፦ መጀመሪያ አፍንጫንና ኃይልን ያዝ፣ ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ በመጨረሻ ሙሉ የእጅ በረራ። እያንዳንዱ ደረጃ ምን እንደጠፋና ትሪሙ የት እንዳለ በስክሪኑ ላይ በአንድ መስመር ይናገር።

አስተባባሪ፦ አንቀጽ 3 በድምር ገደብ፣ በመሪው ኃይል መለኪያና በደረጃው ተስተካክሎ ይጻፋል። የመሪውን ኃይል በኪሎግራም የሚያስቀምጠው ሠንጠረዥ ከሙከራ አብራሪዎቹ ይጠበቃል። የዝላይ ፈተናዎቹን ደግሞ የማረጋገጫ ቡድኑ ያዘጋጅ፤ ሁለት የተቆለፉ ሴንሰሮች ያሉበት ሁኔታ የመጀመሪያው ይሁን።