«ጀበና ቡናን ይቀቅላል» ላሉት ሰው

የጦሳ ሥር፦ ትናንት እዚሁ ቡድናችን ላይ አንዲት እህት ለቤት የሚሆን ጥሩ የቡና ማፍያ ማሽን የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። አንድ ሰው መለሰላት፤ «ውኃውን ከ92 እስከ 96 ዲግሪ የሚያደርሰውን ግዢ፤ ጀበናውን ለጌጥ አስቀምጪው፤ ጀበና ቡናን ይቀቅላል»። ይቀቅላል! ድንች ነው እንዴ? «አቦል ጀባ» ሲባል እየሰማ ደሴ ያደገ ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል?

ባለማሽኑ፦ ጽፌዋለሁ፤ አላነሳውም። ዱቄቱና ውኃው አንድ ላይ ሲንተከተኩ ምሬቱ ሁሉ ተሟጦ ይወጣል። ማሽኑ ግን ሙቅ ውኃውን በዱቄቱ ላይ እያንጠባጠበ ያሳልፈዋል፤ አተላው ማጥለያው ወረቀት ላይ ይቀራል። ለ1 ሊትር ውኃ 60 ግራም ያህል ቡና፣ ከ4 እስከ 8 ደቂቃ፣ አለቀ። ቃሉ ከከበዳችሁ ይቅርታ፤ ነገሩ ግን መቀቀል ነው።

ከቦርከና ማዶ፦ እኛ ቅቅል የምናውቀው በአጥንት ነው።

የመብራት ሠራተኛው፦ ባለማሽኑ፣ እርስዎ የሚኖሩት ደሴ ከሆነ 96 ዲግሪን ከየት ያመጡታል? ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ይተናል እንጂ አይሞቅም። ንፍሮ እዚህ ከቆላው ይልቅ የሚዘገየው ለምን ይመስልዎታል? ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ ከፈለጉ የሐረጎን ቁልቁለት ይውረዱ፤ ኮምቦልቻ 94 ገደማ ያገኛሉ። 96 ግን እዚያም የለም።

ከቦርከና ማዶ፦ ይኸው ተመሰከረ! የኮምቦልቻ ቡና ከደሴ ይበልጣል ማለት ነው።

የጦሳ ሥር፦ ኮምቦልቻ ላይ ውኃ ሳይጣድም ይሞቃል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለማሽኑ፦ 92ም ካልኩት ውስጥ ነው። ቁጥሩን ትታችሁ ነገሩን ያዙ።

የመብራት ሠራተኛው፦ ነገሩን እንያዝ። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ ማሽኖች ውኃ የሚገፋ ፓምፕ የላቸውም። ከሥር ያለው ቱቦ ሲግል ውኃው ይፈላል፤ ያንን ውኃ እየገፋ ወደ ላይ የሚያወጣው የራሱ እንፋሎት ነው። ሲንቆረቆር የምትሰሙት ድምፅ እርሱ ነው። እንግዲህ የእርስዎም ማሽን ይቀቅላል።

ባለማሽኑ፦ ውኃውን! ቡናውን አይደለም!

የጦሳ ሥር፦ ትናንት «ይቀቅላል»፣ ዛሬ «ውኃውን ብቻ ይቀቅላል»። ነገ ደግሞ ምን ሊባል ነው? የሚያውቁ ሴቶች ጀበና እንዴት እንደሚያወርዱ አይተው ያውቃሉ? አንገቱ ላይ ብቅ ሲል ቶሎ ያነሱታል፣ ማቶቱ ላይ ያስቀምጡታል፣ እስኪሰክን ይጠብቃሉ። ማን ነው የሚያንተከትከው?

ባለማሽኑ፦ አቦሉን ያነሱታል፤ ቶናውንስ? በረካውንስ? በዚያው አተላ ላይ ውኃ ጨምረው ሁለት ጊዜ መልሰው ይጥዱታል። ይህ መቀቀል ካልሆነ መቀቀል ምንድን ነው? የወረቀት ማጥለያውን እኮ በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ድሬስደን ላይ ያወጣችው ሜሊታ ቤንትዝ የቤት እመቤት ነበረች፤ አተላውና ምሬቱ ቢሰለቻት ከልጇ ደብተር መምጠጫ ወረቀት ቀድዳ አጠለለችበት። ዘመናዊ ልሁን ብላ አይደለም።

የጦሳ ሥር፦ በረካን እንዳይነኩ! ዱዓ የሚደረግበትን ቡና ከጀርመን ደብተር ጋር ያነጻጽራሉ? ቀጠነ ብሎ በረካን የሚንቅ ሰው ቡና የሚጠጣው ለጉሮሮው ብቻ ነው።

ጠያቂዋ፦ ጥያቄው የእኔ ነበር፤ ማንም አልመለሰልኝም። ጋሼ የጦሳ ሥር፣ በረካውን ይወዱታል፤ ግን ማን ነው የሚቆላው? እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ። ከሰል ማቀጣጠል፣ ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ መጣድ የእሑድ ሥራ ነው። እሑድ ደስ እያለኝ አፈላለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ግን በረካ የሚያወርድልኝ ሰው ካለ አድራሻዬን እልክለታለሁ።

ከቦርከና ማዶ፦ ጋሼ ዝም አሉ።

የጦሳ ሥር፦ ዝም አላልኩም፤ ቡና እየጠጣሁ ነው።

ጠያቂዋ፦ ማን አፍልቶልዎት?

የመብራት ሠራተኛው፦ እህቴ፣ ከውጭ እንዲላክልሽ ከሆነ አስቀድመሽ ቮልቱን አስጠይቂ።

ጠያቂዋ፦ ዘግይተዋል። ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከአሜሪካ አንድ ልኮልኝ ነበር። ሰካሁት፤ ውኃው እጅግ ቶሎ ፈላ፣ «እንዴት ፈጣን ነው» እያልኩ ስደሰት የላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዕጣን አጭሼ እንኳ እስከ ማታ አልለቀቀም።

የመብራት ሠራተኛው፦ የእነርሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ማሞቂያው ከተሠራለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ሲገባበት ከዚያ የተሻለ አይጠበቅም። ለሬዲዮ የገዛሽው ትንሽ ትራንስፎርመርም አይረዳሽም፤ ማሽኑ ወደ 1,000 ዋት ይፈልጋል።

ባለማሽኑ፦ እኅቴ፣ እንግዲህ ስሚኝ። ከሥሩ ማሞቂያ ሳህን ያለውን አትግዢ፤ ፔርሙዝ ያለውን ግዢ። ሳህኑ ላይ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ቡና ይመርራል።

የጦሳ ሥር፦ ሳህኑ ላይ ምን ይሆናል? ይቀቀላል?

ባለማሽኑ፦ ይመርራል አልኩ።

የጦሳ ሥር፦ ቃሉን ለጀበና ብቻ ነው እንዴ የሚቆጥቡት?

ባለማሽኑ፦ ሌላው ነገር፣ በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና አትጨምሪበት። ዱቄቱ እጅግ ስለሚልም ወረቀቱን ይደፍነዋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሞክሬ ውኃው መውረጃ አጥቶ ከነዱቄቱ በማጥለያው አፍ ገንፍሎ ጠረጴዛውን አልብሶታል። ወፍጮ ላይ አስፈጭተሽ ከመጣሽ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይሁንልሽ።

ከቦርከና ማዶ፦ ማሽኑ ገነፈለ? ጀበና ሲገነፍል ነው «ኋላ ቀር» የሚባለው፤ የእርስዎ ሲገነፍል «የመጀመሪያ ቀን» ሆነ።

ጠያቂዋ፦ ካርቶኑ ላይ «12 ኩባያ» የሚል አይቻለሁ። ለስድስት ሰው ይበዛል?

ባለማሽኑ፦ የእነርሱ ኩባያ ብዙውን ጊዜ ከ125 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ የእኛ ሲኒ የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። 12 የሚለው ለሃያ ሲኒ ይበቃል።

የጦሳ ሥር፦ ሃያ ሲኒ፣ ሁሉም አቦል፣ ቶና የለ በረካ የለ። ጎረቤት ተጠርቶ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ ይሂድ? መብራት ሲጠፋስ?

ባለማሽኑ፦ መብራት ሲጠፋ በጀበና አፈላለሁ። ምን ያስደንቃል?

የጦሳ ሥር፦ ትቀቅላለህ በል እንጂ!

ከቦርከና ማዶ፦ ጋሼ «እርስዎ»ን ተዉት፤ አሁን ገና ጦፈ።

ጠያቂዋ፦ ፔርሙዝ ያለው፣ 220 ቮልት፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሱቅ ያየ ሰው አለ? ወረቀቱስ ሲያልቅ የት ይገኛል?

ከቦርከና ማዶ፦ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በማሽን ቡና ጨው የሚጨመረው ውኃው ላይ ነው ወይስ ሲኒው ላይ?

ባለማሽኑ፦ ጨው?!

የጦሳ ሥር፦ ምነው፣ ቡና ያለ ጨው ይጠጣል?