ቪትዝ ማርሽ ሳስገባ «ዷ» ይላል፣ ኢንጂን ማውንት ነው ወይስ ሌላ?

የአያቱ ቪትዝ፦
ሰላም ቤተሰብ። 1 ሺህ ሲሲ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ፣ አውቶማቲክ። በየቀኑ ከአያት ሜክሲኮ ደርሼ እመለሳለሁ። ከወር ወዲህ ከፒ ወደ አር ሳስገባ ከታች «ዷ» የሚል ነገር አመጣ፣ መብራት ላይ ዲ ላይ ሆኜ ፍሬን ይዤ ስቆም ደግሞ መሪውም ወንበሩም ይንቀጠቀጣል፣ ኤሲ ከከፈትኩማ ተውት፣ እናቴ ከኋላ ሆና «ወፍጮ ቤት ገባን እንዴ» አለችኝ። ኤን ላይ ሳደርገው ይቀንሳል። ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ልጁ ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ አየት አደረገና ሳይነካው «ሱፖርቶቹ አልቀዋል፣ ሦስቱንም ቀይር» አለኝ (ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚይዙትን ባለ ጎማ ማውንቶች ማለቱ ነው)። የጠራልኝ ብር አሁን እጄ ላይ የለም። ሦስቱም በአንዴ ያልቃሉ እንዴ? ደሞዝ እስኪገባ ሁለት ሳምንት ብነዳውስ?

ቁልፍ 14፦
ጋራዥ ነው የምሰራው። በአንዴ አያልቁም፣ ግን አንዱ ሲበጠስ ጭነቱ ወደሌሎቹ ስለሚሄድ እነሱንም እየጎተተ ይጨርሳቸዋል፣ ስለዚህ ልጁ ሙሉ በሙሉ ዋሽቶሃል ማለት አይቻልም፣ ሳይነካ መናገሩ ነው ጥፋቱ። እንዲህ እይ፦ ሜዳ ቦታ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ኮፈኑን ክፈት፣ አንድ ሰው ጎን ቆሞ ሞተሩን ይይልህ (ከፊትም ከኋላም ማንም እንዳይቆም!)፣ አንተ የእግር ፍሬን አጥብቀህ ረግጠህ ከዲ ወደ አር ከአር ወደ ዲ መልስ። ትንሽ መንቀሳቀስ ያለ ነው፣ የማውንቱ ጎማ ለዛ ነው የተሰራው። ሞተሩ ብድግ ብሎ «ጓ» ብሎ ከተቀመጠ ግን አንዱ ተበጥሷል። የቀኟ፣ በቺንግያው በኩል ያለችው፣ ብዙ መኪና ላይ ውስጧ ፈሳሽ አለባት፣ ስትቀደድ ፈሳሹ ይወጣና ብረቱ ላይ እርጥበት ትቶ ይሄዳል፣ ብዙ ሰው የሞተር ዘይት እየመሰለው ያልፈዋል። የኋለኛዋ ደግሞ ማርሽ ስታስገባ ሞተሩ እንዳይገለበጥ የምትይዘው ናት፣ ያንተ «ዷ» ከሷ ይመስለኛል።
ሁለት ሳምንት ቀስ ብለህ ብትነዳ ሞተሩ ወርዶ አይወድቅም። ጋዝ ድንገት አትርገጥ ብቻ።

ኮሮላ ሹፌር፦
ኧረ ወንድሜ ሁለት ሳምንት እያልክ እንደኔ አምስት ወር እንዳይሆንብህ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዛሬ ነገ ስል መጀመሪያ የጭስ ማውጫው ተጣጣፊ ቱቦ ተሰነጠቀ፣ ማርሚታው መሰለኝና አስበየድኩት፣ በሳምንቱ ያው ቦታ ለቀቀ፣ ሞተሩ በተወዛወዘ ቁጥር ቱቦውን እየጎተተው ነው ለካ! ከዛ አንዱ ጥበበኛ አሮጌ ጎማ በቢላ ቆርጦ ማውንቱ ውስጥ ጠቀጠቀልኝ፣ በጣም ርካሽ ነበር፣ «ዷ»ውም ጠፋ፣ ግን ጎማው ደረቅ ስለሆነ ንዝረቱ ሁሉ ወደ ቦዲው ዞረ፣ ተሳፋሪው ስልክ ማውራት አቃተው። በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዛሁ። ያገለገለ ከሆነ ግን ጎማውን አጥፈህ እይ፣ ስንጥቅ ካለው ወይ ከረጠበ ተወው፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጎማም ያረጃል።

ስንት ሲሲ፦
እኔ ሌላ ነገር ልበል። ባለ ሦስት ሲሊንደር በተፈጥሮው ይንቀጠቀጣል፣ ማውንት ሁሉ አዲስ ብታረግለት እንደ ኮሮላ ዝም አይልም። ካንዴላና ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) አይተሃል? አንድ ሲሊንደር ከጎደለባት ሁለት ነው የቀራት፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳትረግጥ) ትንቀጠቀጣለች። ትሮትሉም (የአየር ማስገቢያው) ከቆሸሸ እንደዛው። መጀመሪያ ርካሹን ጨርስ።

ቁልፍ 14፦
@ስንት ሲሲ ልክ ነህ ግን እሱ ኤን ላይ ይቀንሳል አለ እኮ። ካንዴላ ቢሆን ኤን ላይም አይተወውም ነበር፣ ጋዝ ሲሰጥም ይንተፋተፋል። ለማንኛውም ካንዴላ ማየት አይከፋም።
ዕቃ ስትገዛ «የቪትዝ ሱፖርት» ብቻ ብለህ አትሂድ፣ ቪትዝ ብዙ ዓይነት ነው። ሻንሲ ቁጥሩን ያዝ። ቶዮታ ላይ የዕቃው ቁጥር የመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች 12305 ከሆኑ የቀኝ ነው፣ 12372 የግራ፣ 12371 የኋላ። የቀረው ቁጥር ነው ከመኪና መኪና የሚለየው። ሲገጥሙልህም አጠገባቸው ቁም፣ ክሪኩን የዘይት ኮፓው ላይ እንዲሁ እንዳያስጠጉት፣ መሃል ላይ ሰፊ እንጨት ይግባ፣ አለዚያ ኮፓው ይጎደጉዳል። ሞተሩ በራሱ ቦታ ሳይቀመጥ ቡሎን ካጠበቁ ደግሞ አዲሱ ጎማ ከመጀመሪያው ቀን ተጠምዝዞ ነው የሚሰራው።

የአያቱ ቪትዝ፦
ተመልሼ መጣሁ። ያላችሁትን ሞከርን፣ ወንድሜ ጎን ቆሞ ቪዲዮ ቀረጸ፣ አር ላይ ሞተሩ እንደ እስክስታ ነው የሚነሳው 😂 የኋለኛው ለሁለት ተበጥሶ ነበር፣ የቀኙ ደግሞ ረጥቧል፣ የግራው ደህና ነው። ሁለቱን ብቻ ቀየርኩ፣ የኋላውን አዲስ፣ የቀኙን ያገለገለ። «ዷ»ው ድራሹ ጠፋ። መብራት ላይ አሁንም ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እናቴ ትናንት ከአያት እስከ መገናኛ ተኝታ ሄደች።

ኮሮላ ሹፌር፦
የድሮውን የቀኝ ማውንት ጣልከው እንዴ? ካልጣልከው ፎቶ ልቀቅ፣ እስቲ ምን ያህል እንደተቀደደ እንየው።