ክርክር፦ ዲመሬጅ መቆሚያ ይኑረው ወይስ እስከመጨረሻው ይቆጠር?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የዲመሬጅ እሮሮ ስለበዛ ለብቻው እናውራበት ብዬ ነው። ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ኮንቴይነር ወደብ ሲደርስ የመርከብ ድርጅቱ ጥቂት ነፃ ቀናት ይሰጣል። እነሱ ካለፉ ኮንቴይነሩ እስኪወጣ በየቀኑ ክፍያ ይቆጥራል፣ ዲመሬጅ የምንለው እሱን ነው። ብዙ ጊዜ በቆየ ቁጥር የቀኑ ዋጋም ይጨምራል። ጥያቄው ይሄ ቆጠራ የሆነ ቦታ ላይ በሕግ ይቁም ወይስ ጥፋቱ የማንም ይሁን አስመጪው ይክፈል ነው። ድርጅት በስም እየጠራችሁ አትክሰሱ፣ ግሩፑን ታዘጉብኛላችሁ።

የመርካቶው፦ ይቁም እንጂ! ይሄ ምን ያከራክራል? ሳኒተሪ አስመጥቼ ዕቃው ጅቡቲ ቁጭ ብሏል፣ ዕቃውን የማወጣበት ሰነድ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ነው። ስሄድ "ፈራሚዋ ስብሰባ ናት"፣ ስሄድ "ሲስተም የለም"፣ ስሄድ "ነገ ና"። ወደብ ላይ ያለው ቆጣሪ ግን እሑድ አያውቅ፣ ፋሲካ አያውቅ። ሰነዱ እጄ ሲገባ ትርፌ አልቆ ነበር። ባላጠፋሁት ለምን ልቀጣ?

ትራንዚተሩ፦ ወንድሜ የደረሰብህ ያሳዝናል፣ ግን አልስማማም። ጣሪያ ያለው ቅጣት እኮ ኪራይ ሆነ ማለት ነው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ሰው ኮንቴይነሩን ለማውጣት ምን ያስቸኩለዋል? ገበያው እስኪሞቅ እዚያው ያቆየዋል። እንዲህ የሚያደርጉ ደንበኞች አሉኝ፣ ስማቸውን አልጠራም እንጂ ይሄን እያነበቡም ይሆናል። ፍርሃት ነው ኮንቴይነር የሚያስወጣው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2021 ሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች ወደቦች ኮንቴይነር ተከምሮባቸው መርከብ ባሕር ላይ ሲሰለፍ ምን አደረጉ? በመኪና የሚወጣው 9 ቀን፣ በባቡር የሚወጣው 6 ቀን ከሞላው በኮንቴይነር 100 ዶላር፣ ከዚያ በየቀኑ 100 እየጨመረ የሚሄድ ቅጣት አወጁ። ቀኑን እያራዘሙ፣ እያራዘሙ አንዲት ሳንቲም ሳይሰበስቡ በ2023 መጀመሪያ ተዉት። ማስፈራሪያው ብቻ ግን ለረጅም ጊዜ የተገተረውን ኮንቴይነር በጣም እንደቀነሰው ወደቦቹ ራሳቸው ተናግረዋል።

ሕግ አንባቢዋ፦ ያ ቅጣት የታወጀው በመርከብ ድርጅቶቹ ላይ ነበር እኮ! በአስመጪው ላይ አይደለም። የራስህ ምሳሌ ለመርካቶው መሰከረለት።

ትራንዚተሩ፦ ወደ ደንበኛው ለማዞር ማን ይከለክላቸዋል እህቴ? ዞሮ ዞሮ ከፋዩ ያው ነው።

ሕግ አንባቢዋ፦ እሺ፣ "እስከመጨረሻው ይቆጠር" የሚለው የት እንደሚያደርስ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤምኤስሲ የተባለው የመርከብ ኩባንያ የኮተኔክስን ጥጥ በ35 ኮንቴይነር ጭኖ ባንግላዴሽ፣ ቺታጎንግ ያደርሳል። በመሃል የጥጥ ዋጋ ወደቀ። ገዢው አልረከብም አለ። ሻጩ ኮተኔክስ ደግሞ ገንዘቡን በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ዋስ በሆነበት ክፍያ ስለተቀበለ ዕቃው ከእንግዲህ የኔ አይደለም ባይ ነው። ጉምሩኩ በበኩሉ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። ኮንቴይነሮቹ ተገትረው ቀሩ፣ ኩባንያው ግን መቁጠሩን አልተወም። የጠየቀው ገንዘብ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የአንዱ ባዶ ኮንቴይነር ዋጋ ስንት ነበር? 3,262 ዶላር። 35ቱ ቢደመሩ 114 ሺህ ገደማ። ጉዳዩ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2016 ተፈረደ፦ ውሉ የንግድ ትርጉሙን ካጣ በኋላ ዲመሬጅ አይቆጠርም፣ መቆሚያውም ኩባንያው ራሱ ኮንቴይነሮቹን ለኮተኔክስ ልሽጥልህ ያለበት ቀን ነው፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2012። የንብረቱን ዋጋ ብዙ እጥፍ እየጠየቁ ካሳ ነው ማለት ትንሽ አያሳፍርም?

ትራንዚተሩ፦ ጥሩ ጉዳይ ነው፣ ግን እዚያ ኮንቴይነሩን መመለስ ጭራሽ አልተቻለም። የመርካቶው ሰነድ ዘገየ እንጂ መች ጠፋ?

ሕግ አንባቢዋ፦ እሱስ ልክ ነህ። ለመዘግየት ብቻ ያ ፍርድ አያድነውም። እኔ የምለው መቆሚያ የሌለው ቆጠራ በዓለም ሁሉ የተቀበሉት ነገር አድርጋችሁ አታውሩ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ እኔ እዚህ አሜሪካ የጭነት መኪና አሰማራለሁ። በወረርሽኙ ጊዜ ባዶ ኮንቴይነር ይዘን ስንሄድ "ዛሬ የዚህን ድርጅት ባዶ አንቀበልም" ብለው ይመልሱን ነበር። ከዚያ ደግሞ አልመለሳችሁም ተብሎ ይቆጠርብናል! የመርከብ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን በ2020 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ክፍያ የሚመዘነው ዕቃ ቶሎ እንዲንቀሳቀስ በመገፋፋቱ ነው ብሏል። በር ተዘግቶብህ ብትቀጣ ምን ያንቀሳቅሳል? በ2022 ሕግ ወጣ፣ ከሜይ 2024 ጀምሮ ደግሞ የክፍያ መጠየቂያው ቢል በ30 ቀን ውስጥ ካልደረሰህ ወይም ነፃ ቀኑ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳለቀ ካልጻፈ የመክፈል ግዴታ የለብህም። ጣሪያ አልተባለም፣ ግን ብዙ ነገር አስተካክሏል።

የመርከብ ጡረተኛ፦ ልጆች፣ በኛ ጊዜ አሰብ ላይ ዲመሬጅ የመርከቧ ነበር። መርከብ የተከራየ ሰው ለመጫኛና ለማራገፊያ ከተሰጠው ጊዜ ካለፈ ለባለ መርከቡ ይከፍላል። ቀድሞ ከጨረሰስ? ባለ መርከቡ ነው የሚከፍለው! ዲስፓች ይባላል፣ ብዙውን ጊዜ የዲመሬጁ ግማሽ ነው። ኮንቴይነር ላይ ግን በጊዜ ለመለሰ ሰው የሚከፍል አላየሁም። ሲዘገይ ብቻ ነው የሚታወሰው። ፍትሕ ካላችሁ እሱን ጠይቁ።

ትራንዚተሩ፦ ጋሼ ይሄን ለመርከብ ድርጅቶቹ ቢነግሩልን። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሁሉንም ዲመሬጅ እንላለን። ሙሉ ኮንቴይነር ተርሚናል ውስጥ ሲዘገይ ለመርከብ ድርጅቱ የሚከፈል አለ። ኮንቴይነሩን አውጥተህ ባዶውን ሳትመልስ ስትቀር የሚከፈል አለ፣ ዲቴንሽን ነው ስሙ። ወደቡ ራሱ ለቦታው የሚያስከፍለው ደግሞ ሌላ ነው። ጣሪያ ስትሉ የትኛው ላይ? የመርካቶው፣ ያንተ ቢል ላይ የቱ ነበር የተጻፈው?

የመርካቶው፦ "ዲመሬጅና ሌሎች" ይላል፣ ድምሩን ብቻ።

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ ቢሆን ያንን ቢል አትከፍልም ነበር።

ሕግ አንባቢዋ፦ ተዘርዝሮ ይሰጠኝ ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። ከባንኩም ሰነዱ የደረሰበትንና የተለቀቀበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ያዝ። ጣሪያውን ሕግ አውጪ እስኪያመጣልህ ቢያንስ የዘገየውን ማን እንዳዘገየው ማሳየት ትችላለህ።

ትራንዚተሩ፦ በዚህ እስማማለሁ። በጣሪያው ግን አሁንም አልስማማም።

የመርካቶው፦ ነገ ቢሮ ስገባ ስሙን ሸፍኜ ቢሉን እለጥፈዋለሁ፣ ትራንዚተሩ አንተው ፍታልኝ። ብር የለኝም ግን፣ ዲመሬጅ በልቶታል።