በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ፕላዝማ ውስጥ ሚር-21 ለምን ዝቅ ብሎ ታየኝ?

ጥያቄ፣ ከማስተርስ ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በሞለኪውላር ባዮሎጂ የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ ወደ ፕሮቲን የማይተረጎሙ ትንንሽ አርኤንኤዎች፣ በተለይም ማይክሮ አርኤንኤዎች፣ በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ደም ውስጥ ያላቸውን መጠን ይመለከታል። የ24 ታማሚዎችንና የ22 ጤነኛ ሰዎችን ፕላዝማ (ሴሎቹ ሲለዩ የሚቀረውን የደም ፈሳሽ) ወስጄ ሚር-21 እና ሌት-7ኤ የተባሉትን ማይክሮ አርኤንኤዎች በፒሲአር (በየዑደቱ እጥፍ እያባዛ በሚለካ ዘዴ) ለካሁ፤ ማመሳከሪያ ያደረግሁት፣ ማለትም የሁለቱን መጠን ያካፈልኩበት፣ ሚር-16 የተባለውን ሌላ ማይክሮ አርኤንኤ ነው። ያነበብኳቸው ጽሑፎች በሳንባ ካንሰር ሚር-21 ይጨምራል፣ ሌት-7 ይቀንሳል ይላሉ። የእኔ ውጤት ግን ሌት-7ን እንደተጠበቀው ዝቅ አድርጎ ካሳየ በኋላ ሚር-21ንም ከጤነኞቹ በግማሽ ያህል አሳንሶ አወጣው። አማካሪዬ «ድገሚው» ብለውኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ለውጥ የለም። ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ፣ የታማሚዎቹ ደም ጠዋት ዋርድ ውስጥ ተቀድቶ እኛ ጋ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የጤነኞቹ ግን እዚሁ ላብራቶሪያችን ተቀድቶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሴሎቹን ከፕላዝማው በማሽከርከር ወደሚለየው ሴንትሪፊዩጅ ይገባል። ስህተቱ ከየት ይሆን? ወይስ በእኛ ታማሚዎች ሚር-21 በእርግጥ ዝቅ ይላል ብዬ ልጻፍ?

መልስ፣ ከላብራቶሪ ባለሙያ

እህቴ፣ «ምናልባት የሚጠቅም ከሆነ» ብለሽ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሽው ነገር ዋናው ሳይሆን አይቀርም። ቱቦዎቹን ከፍሪዘር አውጪና ሲቀልጡ በነጭ ወረቀት ፊት ለፊት ያዢያቸው። ደህና ፕላዝማ እንደ ጠጅ ቢጫ ነው። የታማሚዎቹ ወደ ሮዝ ካደላ፣ ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጠብቅ ቀይ የደም ሴሎች ፈርሰው ይዘታቸውን ፕላዝማው ውስጥ አፍስሰዋል ማለት ነው። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ሚር-451ኤን እና ራሱን ሚር-16ን በብዛት የያዘ ነው።

ስሌቱን አስቢው። በፈረሰው ደም ምክንያት ሚር-16 በፒሲአሩ ላይ በሁለት ዑደት ቀድሞ ከታየ፣ በየዑደቱ እጥፍ ስለሚሆን መጠኑ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሚር-21 በታማሚዎቹ ላይ በእርግጥ በእጥፍ ጨምሮ ቢሆን እንኳ፣ አራት እጥፍ በሆነ ማመሳከሪያ ስታካፍይው ግማሽ ሆኖ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ብትደግሚውም ያንኑ የሚሰጥሽ ስህተቱ ፒሲአሩ ላይ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ ስላለ ነው። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሌት-7 ውጤት ነው፤ ከጽሑፎቹ ጋር ስለተስማማ ማንም አልጠየቀውም፤ ነገር ግን የተካፈለው በዚያው በተዛባ ሚር-16 ስለሆነ ከሚር-21 ይልቅ የሚታመንበት ምክንያት የለም።

ዓይን ብቻውን ስለማይበቃ፣ ካስቀረሽው አርኤንኤ ላይ ሚር-451ኤን እና ሚር-23ኤን ለኪ። ሚር-23ኤ ቀይ ሴሎች ሲፈርሱ እምብዛም አይናወጥም። የሚር-23ኤን የዑደት ቁጥር (በፒሲአሩ ላይ የታየበትን ዑደት) ወስደሽ የሚር-451ኤን ስትቀንሺበት ልዩነቱ ከ5 በታች ከሆነ ናሙናው ደህና ነው፤ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከጥናቱ አውጪው። ስፔክትሮፎቶሜትር ካላችሁ በ414 ናኖሜትር ላይ የሄሞግሎቢኑ ምልክት ይታያል።

መልስ፣ ከሀገር ውጭ ካለ ተመራማሪ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ በማመሳከሪያው ላይ ግን ልጨምር። ዩ6 የተባለውን ሌላ ትንሽ አርኤንኤ በሚር-16 ምትክ ለመጠቀም እንዳይፈተኑ፤ ለሕብረ ሕዋስ የተለመደ ቢሆንም ለፕላዝማ አይመከርም። አርኤንኤው ሲወጣ የጠፋውን ለማረም በሰው ውስጥ የማይገኘውን፣ ሲ. ኤሌጋንስ የተባለችውን ትል ሚር-39፣ ማለትም ሲኢኤል-ሚር-39ን፣ በእኩል መጠን በየቱቦው ይጨምሩ። ለትንተናው ደግሞ አንዱን ማይክሮ አርኤንኤ ለሌላው የማካፈል መንገድ አለ፤ በጣሊያኑ የሚልድ የሳንባ ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥናት ላይ የተሠራው የ24 ማይክሮ አርኤንኤዎች መለያ የተገነባው በእንዲህ ያለ ምጣኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት ያ የደም ምርመራ በዝቅተኛ ጨረር ከሚነሣ ሲቲ ስካን ጋር ሲጣመር የስካኑ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ከ19.4 በመቶ ወደ 3.7 በመቶ ወርዷል።

መልስ፣ ከላብራቶሪ ባለሙያ

ምጣኔው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ከቀይ ሴል የሚመጣ ከሆነ ያው ችግር በሌላ በር ይገባል። መጀመሪያ ናሙናው ይጣራ።

መልስ፣ ከሳንባ ሐኪም

ልኬቱን ለባለሙያዎቹ ትቼ ስለ ታማሚዎቹ ልናገር። እኛ ሀገር ወደ ሳንባ ካንሰር ምርመራ ከሚደርሱት ውስጥ አስቀድመው ለቲቢ የታከሙ ብዙዎች ናቸው፤ ሚር-21 ደግሞ በካንሰር ብቻ ሳይሆን በብግነትም ጊዜ የሚጨምር ነው። ስለዚህ ታማሚዎችን ከጤነኛ ወጣት የላብራቶሪ ሠራተኞች ጋር ቢያነጻጽሩ፣ የሚያዩት ልዩነት የካንሰር ነው ወይስ የታመመ ሳንባ ሁሉ የሚጋራው ነው የሚለውን መመለስ አይችሉም። በዕድሜና በማጨስ ታሪክ የሚቀራረቡ፣ ቢቻል የሌላ ሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይካተቱ።

ሌት-7 ትኩረት የሳበው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን የተሠራ ጥናት በዕጢያቸው ውስጥ ሌት-7 የቀነሰባቸው ታማሚዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚኖሩት ዕድሜ አጠር ማለቱን አሳየ፤ በዓመቱ ደግሞ ሌት-7 ራስ (RAS) የተባለውን የካንሰር ጂን እንደሚገታ ታወቀ። ልብ ይበሉ፣ የጃፓኑ ልኬት የተወሰደው ከተቆረጠ ዕጢ ነው፤ ዕጢው ውስጥ የሆነው ሁሉ ፕላዝማ ውስጥ እንዲደገም መጠበቅ የለብንም። በማጠቃለያዎም «የጎደለውን መልሶ መስጠት ሕክምና ይሆናል» ብለው በቀላሉ እንዳይጽፉ፤ ሚር-34ኤ የተባለውን ማይክሮ አርኤንኤ የሚተካው ኤምአርኤክስ-34 የተባለው መድኃኒት በካንሰር ታማሚዎች ላይ ሲሞከር ከበሽታ መከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ከባድ ጉዳቶች በመታየታቸው ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2016 ቆሟል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቱቦዎቹን እንደተባለው አየኋቸው፤ ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ሮዝ ሳይሆኑ እንደ ከርከዴ ሻይ የቀሉ ነበሩ፣ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳላስተዋልኩት ይገርመኛል። ሚር-451ኤን እና ሚር-23ኤን ስለካ ከ24ቱ ታማሚዎች 15ቱ፣ ከ22ቱ ጤነኞች ግን 2ቱ ብቻ ከ7 በላይ ሆኑ። የቀሩትን ብቻ ሳነጻጽር የሚር-21 መቀነስ ጠፋ፤ የሌት-7ም ልዩነት እንዲሁ። አማካሪዬ አዲስ ናሙና እንድሰበስብ ፈቅደውልኛል። ደህና የሆኑትን 9 የታማሚ ናሙናዎች ከአዲሶቹ ጋር መቀላቀል እችላለሁ?

መልስ፣ ከላብራቶሪ ባለሙያ

አትቀላቅያቸው። ባይቀሉም ፕላዝማቸው የተለየው ደሙ ለሰዓታት ከቆመ በኋላ ነው፤ በዚያ ጊዜ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም የራሳቸውን ማይክሮ አርኤንኤ ይለቃሉ። ለመለማመጃ አስቀሪያቸው። አዲሶቹን ግን የታማሚም ሆነ የማነጻጸሪያ፣ ሁሉንም በዚያው ዋርድ፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቱቦ አስቀጂ (ኢዲቲኤም ሄፓሪንም ደም እንዳይረጋ የሚጨመሩ ናቸው)፤ አረንጓዴው ሄፓሪን ስላለበት ፒሲአሩን ያፍነዋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሴንትሪፊዩጅ አስገቢ፣ ፕላዝማውን ወደ ሌላ ቱቦ ገልብጠሽ ሁለተኛ አዙሪው፤ የተቀዳበትንና የዞረበትን ሰዓት በየቱቦው ላይ ጻፊ። ነርሷን አስቀድመሽ አነጋግሪያት፤ ደሙን በቀጭን መርፌና በኃይል ስባ ከሆነ የምትቀዳው፣ ሴሎቹ ገና ዋርዱን ሳይለቁ ይፈርሳሉ።